ሦስት የሞረድ ጭረት

አባባ ይርጋ መሞታቸውን ያወቅኩት ልጣላቸው ስሄድ ነው። ከምኖርበት ሰፈር ከሽኩና ጊሜል ተነሥቼ ሽኩና ቤት ወደሚባለው ወደሳቸው ሰፈር በእግሬ ስሄድ፣ መንገዱን ሙሉ የምላቸውን እየደረደርኩ ነበር። እንዲህ እላቸዋለሁ፤ እንዲህ ካሉኝ ደግሞ እንዲህ እመልሳለሁ። ከሕንፃቸው በር ስደርስ ግድግዳው ላይ በጥቁር መስመር የተከበበ ወረቀት ተለጥፏል። እዚህ እስራኤል አገር ሰው ሲሞት እንዲህ ነው የሚነገረው። የዕብራይስጥ ንባብ ዛሬም ያንተባትበኛል፤ የሳቸውን ስም ግን ባንድ ትንፋሽ አነበብኩት።

«ነፍስ ይማር» አልኩ ሳላስበው። ወዲያው ዞር ብዬ አየሁ። ቢሰሙኝ ኖሮ «እሷን የክርስቲያን ቃል ከተጠመቅክበት ትተሃት አትመጣም ነበር?» ይሉኝ ነበር።

እውነቱን ልናገርና አላዘንኩም፤ ተናደድኩ። ሰውን አዋርዶ መልሱን ሳይሰማ የሚሞት ሰው ምን ይባላል? ስለሚወዱት ሰው መጻፍ ቀላል ነው። እኔ ከሕሊናዬ ያልወጣው ሰው የማልወደው ነው፤ እሳቸውም እኔን አይወዱኝም ነበርና በዚህ እኩል ነን።

አባባ ይርጋ በሃዒር ሃዓቲቃ፣ በአሮጌው ከተማ፣ ባንዲት ጠባብ የቁልፍ ሱቅ ውስጥ ነበር የሚሠሩት። ሱቁ የሳቸው አልነበረም። ባለሱቁ ከሞሮኮ የመጣ፣ ሳቂታና ወሬ ወዳድ ሽማግሌ ነው። እሱ ቁልፉን በማሽን ይቀርጻል፤ እሳቸው ጥግ ላይ ካለች ዱካ ላይ ተቀምጠው ማሽኑ ቁልፉ ላይ የተወውን ስለት በሞረድ ያለዝባሉ። ጡረታ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል፤ ቢሆንም ጧት ጧት ይመጣሉ። ባለሱቁ «ሂድ ብለው የሚሄድ መሰለህ?» አለኝ አንድ ቀን። አጭር፣ ደረቅ ሰው ናቸው። ቁልፍ ሲጨርሱ እፍ ይሉበትና ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይዳስሱታል፤ ካልወደዱት እንደገና ይሞርዱታል። ሰው ቢቸኩል ግድ የላቸውም።

መጀመሪያ የሄድኩት የቤቴን ቁልፍ ላስቀርጽ ነው። ቁልፉን ስሰጣቸው እጃቸውን አልዘረጉም።

«እዚያ አስቀምጠው» አሉኝ በአገጫቸው ጠረጴዛውን እያሳዩ። «ከየት ነህ?»

«ከጎንደር።»

«ጎንደር ሰፊ ነው።»

«ከወለቃ ማዶ።»

«መቼ መጣህ?»

ነገርኳቸው። ዓመቱን ሲሰሙ የማን ወገን እንደሆንኩ ገባቸው። እሳቸው ድሮ በሱዳን በኩል በእግራቸው ከመጡት ናቸው። እኔ ዘግይተን ከመጣነው፣ አያቶቻችን ክርስትና ከተነሡት ነኝ። እዚህ ከገባሁ በኋላ እንደ ሁሉም ሰው ተምሬ፣ ወደ ጥንቱ እምነታችን ተመልሼ፣ ሰንበት እጠብቃለሁ። ለሳቸው ይኼ ሁሉ ምንም አልነበረም።

«አሃ» አሉ። «ከተጠመቁት።»

ድሮ አገር ቤት ቤተ እስራኤል ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር እንዳይነካካ ይጠነቀቅ ነበር፤ «አትንኩኝ» ይባላል። ዕቃ ከእጅ አይቀበልም፤ መሬት ላይ አኑረው ይለዋል። እዚህ ያንን ሥርዓት ሁሉም ትቶታል። አባባ ይርጋም አውቶቡስ ውስጥ ከሩስያውም ከአረቡም ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይሄዳሉ። ሥርዓቱን ያቆዩት ለኔ ቢጤ ብቻ ነው። በሁለት ዓመት ትውውቅ አንዲት ነገር ከእጄ አልተቀበሉም።

የተቀረጸልኝን ቁልፍ ከጠረጴዛው ሳነሣው እጀታው ላይ ሦስት ቀጫጭን ጭረት አየሁ፤ ሁለቱ ቀጥ ያሉ፣ ሦስተኛው ዘመም ያለ።

«አዲሱን ቁልፍ ጫሩብኝ» አልኳቸው።

«ይከፍታል?»

«እስካሁን አልሞከርኩትም።»

«ይከፍታል። ከከፈተ ምን አገባህ?»

ያን ቀን ተመልሼ እንደማልሄድ ማልኩ። መሐላዬም ብዙ አልቆየም፤ እኅቴ ሙሉ አፈረሰችው።

ሙሉ ታናሼ ናት። እኔ ወደ እስራኤል የገባሁት በባለቤቴ ቤተሰብ ነው፤ የኔን ዘር የጠየቀ አልነበረም። ሙሉ ግን ጎንደር ቀረች። በእናታችን ወገን የቤተ እስራኤል ዘር መሆኗን አስረድታ እንድትመጣ ፋይል የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ የላትም፤ ከተማው ውስጥ ተኩስ ሲሰማ የምትደውለው ለኔ ነው። «ወንድም ዓለም፣ ዛሬ ደግሞ በእኛ በኩል ነው» ትላለች። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ፣ ወደ ማጸዳው ክሊኒክ እሄዳለሁ፤ ወለሉን ሳጥብ ጆሮዬ እዚያው ነው።

ሚስራድ፣ ማለትም ፋይሉን የያዘው ቢሮ፣ ስለ እናቴ አባት ሲጠይቀኝ እናቴ የነገረችኝን ጻፍኩ። አያቴ ጀግና ነበር፤ ርስት ነበረው፤ አንድ ደጃዝማች ስለ ጀግንነቱ ሽጉጥ ሸልሞታል፤ ሽጉጡም እስከ ዛሬ በእኅቴ እጅ አለ። ኩራቴ እዚህ ላይ ያበጠ መሆኑን አልክድም። ስጽፍ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ወረቀቱን ያዩት የቢሮው ሰው መነጽራቸውን አወለቁ። «ርስት የነበረው የቤተ እስራኤል ሰው በዚያ ዘመን የት ይገኛል?» አሉኝ። «ይህ የክርስቲያን ባላባት ታሪክ ነው። አያትህን የሚያውቅ፣ የታመነ ሽማግሌ አምጣ። አለበለዚያ ፋይሉ ይዘጋል።»

እኔ ያደግኩበትን የማያውቅ ሰው ሞኝ ነህ ይለኛል። በመንደራችን ቀጥቃጩ ቤተ እስራኤል ነው፤ ቀጥቃጭ ማለት ደግሞ ቡዳ ማለት ነበር። ልጅ ቢታመም በላው የሚባለው ብረት ቀጥቃጩ ነው። ስለዚህ እናቴ ቀጥቃጭ የሚል ቃል ቤታችን እንዲነሣ አትፈቅድም ነበር። አንድ ልጅ «የቀጥቃጭ ዘር» ቢለኝ ጥርሱን አውልቄበታለሁ። እናቴም ያን ቀን አልቆጣችኝም። ባላባት ነን እያልን አደግን፤ ባላባትነታችን እዚህ አገር በሩን እንደሚዘጋብን ማን ያውቃል?

ሽማግሌ ፍለጋ ስዞር ሁሉም አንድ ስም ይጠሩልኛል። የቤተ እስራኤሉ ቄስም፣ የምኩራቡ ሰዎችም «የወለቃን ሰው የሚያውቁ ይርጋ ናቸው» አሉኝ። መሐላዬን አፍርሼ ወደ ቁልፉ ሱቅ ተመለስኩ።

ታሪኬን ጨርሼ እስክነግራቸው ሞረዱን አላቆሙም።

«ሰው ይዋሻል» አሉኝ ስጨርስ። «ብረት አይዋሽም። ሽጉጡን አሳየኝ።»

ይህች አባባል የሁልጊዜ ናት። ሌላም አላቸው፤ «ሞረድ ይሉኝታ አያውቅም» ይላሉ፤ እሳቸውም አያውቁም። ወጣት ሳሉ ጎንደር ውስጥ የፖሊስ ጠመንጃ በሚጠገንበት ቤት ሠርተዋል። ስለ መሣሪያ የማያውቁት ነገር የለም ይባላል። ስለ ሰው ግን ያወቁትን ያህል በቃኝ ብለው የተዉ ይመስላሉ።

ሙሉ ሽጉጡን ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። በእናታችን አሮጌ ሻሽ ተጠቅልሎ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላቸው። በማጉያ መነጽር ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ፤ ባልሰማው ይሻለኝ ነበር።

«ደጃዝማች ነው የሸለመው?»

«አዎ።»

«ለጀግና?»

«አዎ አልኩ እኮ።»

«ይኼ በመዳፍ የሚደበቅ፣ የሴት ቦርሳ ሽጉጥ ነው። በዚህ ጠላት አይገደልም፤ ይሰደባል እንጂ።»

ባለሱቁ የምንባባለውን ባያውቅም ፊቴን አይቶ ውኃ ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ ያንን ሽጉጥ ሲመረምሩ ከረሙ። ለኔ ብለው እንዳይመስላችሁ። ያላወቁት ብረት መኖሩ አንገብግቧቸው ነው። በጎኑ ያለውን ጽሑፍ ዝገት በልቶታል፤ የቀሩት ሦስት ፊደላት ናቸው። ባለሱቁ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ይፈልግላቸዋል። አንድ መሣሪያ ሰብሳቢ ደንበኛ ደግሞ ወፍራም መጽሐፍ አውሶን ነበር፤ ገጹን እየገለጡ ከፎቶው ጋር ያስተያያሉ። እኔን ደግሞ ያዙኛል። «ከኋላ በጣት የሚያዝበት ጭረት ስንት እንደሆነ አስቆጥርና ና።» «ማስመሪያ አፈሙዙ ላይ አስደግፋ ታንሣው።» «የጥይት መቆለፊያዋ ከቃታው በላይ ናት ወይስ ከኋላ?» ጠይቄ እመጣለሁ፤ «ከጎን አንሥታ ትላክ፤ ይኼ ፎቶ ነው?» ይሉኛል።

በስንት ስድብ መልሱ ተገኘ። የስፔን ሥራ ነው፤ ጥይቱ ትንሿ፣ ስድስት ነጥብ ሠላሳ አምስት የምትባለው ናት። ጣልያን አገራችን ከመግባቱ በፊት የተሠራ ነው። በዚያ አገር አንዲት ከተማ ነበረች፤ በየቤቱ ሽጉጥ ይሠራባት ነበር፤ አንዱ የሌላውን ይቀዳል፤ ገዢ የፈለገውን ስም ያስቀርጻል። ለዚህ ነው ስሙ የጠፋው። የኛን ሽጉጥ የሠራው ቤት በዚያ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው። ባለሱቁ እንደ ሎተሪ አሸናፊ ጨፈረ። አባባ ይርጋ አልጨፈሩም። ሥዕሉ ላይ በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉ።

«የዚህ እጀታው ጎማ ነው። አበባ አለበት» አሉ። «የናንተ ግን ቀንድ ነው። የበሬ ቀንድ። ይኼ እጀታ ከስፔን አልመጣም።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? እኅትህ ብሎኑን ፈትታ ከሥሩ ታንሣልኝ።»

ያን ቀን ከሙሉ ጋር ተጣላሁ። በዚያው ሳምንት ወታደሮች ሰፈራቸውን በር በበር እየፈተሹ ነበር። መሣሪያ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚሆን ለርሷ አይነገራትም።

«ወንድም ዓለም» አለችኝ «እኔ ሰው ነኝ ወይስ የሽጉጥ ዘበኛ? አንተ እዚያ ሰላም አገር ተቀምጠህ ጎኑን፣ ጀርባውን፣ ሆዱን ትለኛለህ። የሚይዙኝ እኔን ነው።»

«ይህች የመጨረሻ ናት።»

«ባለፈውም እንዲህ ብለሃል።»

ቢሆንም ፈታችው። በቢላ ጫፍ ብሎኑን አዙራ፣ ቀንዱን አንሥታ፣ ከሥሩ ያለውን ብረት በመስኮት ብርሃን አነሣችው። ፎቶውን እኔ በቅጡ አላየሁትም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። አባባ ይርጋ ማጉያውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ፤ ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ ቀና አሉና ማጉያውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ቁልፍህን አውጣ» አሉኝ።

«የቱን ቁልፍ?»

«የቤትህን።»

አውጥቼ ከስልኩ አጠገብ አኖርኩት። የዚያን ጊዜ አየሁ። በሽጉጡ ብረት ላይ፣ ከቀንዱ ሥር ማንም በማያየው ቦታ፣ ሦስት የሞረድ ጭረት አለ። ሁለቱ ቀጥ ያሉ፣ ሦስተኛው ዘመም ያለ።

«የአባቴ ምድጃ ምልክት ነው» አሉ። «ከኛ ቤት የወጣ ብረት ሁሉ ይህ አለበት። ማረሻም ቢሆን፣ መጥረቢያም ቢሆን። የአያትህ ስም ማን ነበር?»

«አለሙ።»

«የክርስትና ስሙን ተወው። የፊተኛውን ንገረኝ።»

አላውቀውም ነበር። እናቴ ነግራኝ አታውቅም። እሳቸው ነገሩኝ፤ ገረመው ይባል ነበር። የአያቴን ስም በሃምሳ አምስት ዓመቴ በቁልፍ ሱቅ ውስጥ ከሚጠላኝ ሰው ሰማሁት።

ከዚያ ሞረዳቸውን አንሥተው፣ እኔን ሳያዩ ነው የተናገሩት። «እኔ ያኔ ወናፍ የምነፋ ልጅ ነኝ። አባቴና ገረመው ባንድ ምድጃ ነበሩ። እጁ ወርቅ ነበር፤ ከአባቴ ይበልጥ ነበር። አንድ ሹም ይቺን ሽጉጥ አመጣ፤ ጥይት የሚመታው መርፌዋ ተሰብሮ፣ እጀታዋ ተፈልጦ። ገረመው መርፌ ሠራላት፤ ቀንድ አለበሳት። ሹሙ ወደደው። ተጠመቅና መሬት ልስጥህ አለው። እኛ መሬት አልነበረንም፤ የሰው መሬት እያረስን ግማሹን እንሰጥ ነበር። ገረመው ሚስቱን ይዞ ሄዶ ተጠመቀ። የክርስትና አባቱ ሹሙ ሆነ። ሽጉጧን ለክርስትናው ሰጠው። ያ ነው የጀግናህ ሽልማት።»

«ይበቃል» አልኩ።

«ርስት ነበረው ብለሃል፤ ነበረው። በምን እንዳገኘው ሰማህ። አባቴ ምድጃውን ለብቻው ይዞ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ሳል ያዘው። ገረመው በኛ በር በበቅሎ ያልፍ ነበር። ዞር ብሎ አያየንም።»

«አባባ፣ የሞተ ሰው አይሰደብም።»

«አልሰደብኩም። የሠራውን ነገርኩህ።»

«እርስዎ ለሰባ ዓመት ቂም የያዙ ሰው ነዎት። በኔ ላይ እየተወጡት ነው።»

«እንግዲያስ በማን ልወጣው? አንተ ነህ የመጣኸው።»

ጮኽኩባቸው። ምን እንዳልኩ ሁሉን አላስታውስም፤ የማስታውሰውም አይጻፍም። ባለሱቁ መሐላችን ገባ። አባባ ይርጋ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ቲኩ ላይ የጻፍከውን ውሸት ሄደህ አንሣ» አሉኝ። ቲክ የሚሉት ፋይሉን ነው። «ጀግና የለም፣ ደጃዝማች የለም፤ አያቴ ቀጥቃጭ ነበር ብለህ በእጅህ ጻፍ። ያን ጊዜ መጥቼ እመሰክርልሃለሁ። እስከዚያ ግን በሬን አታንኳኳ።»

አልጻፍኩም። ቀላል ነገር ነው የሚለኝ ሰው ይኖራል። ባለቤቴም ብላኛለች፤ «አንተ ለአያትህ ክብር ትጣላለህ፤ እኅትህ ለነፍሷ ነው» አለችኝ። አውቃለሁ። ወረቀቱን አራት ጊዜ ፊቴ አኑሬ ቁጭ ብያለሁ። ቀ ብዬ ጽፌ እጄ ይቆማል። እናቴ ከመቃብር ቀና ብላ የምታየኝ ይመስለኝ ነበር። ጥርሱን ያወለቅኩት ልጅ ደግሞ «አላልኩህም?» የሚለኝ። ሳምንቱ አልፎ ወር ሆነ። እኅቴ ግን ትደውላለች፤ «ሽማግሌው ምን አሉ?» ትለኛለች። «እያጣራን ነው» እላታለሁ። ለርሷም ዋሸሁ።

አንድ ማለዳ ሙሉ ደወለች። ድምፅዋ የቀዘቀዘ ነበር።

«ጣልኩት» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሽጉጡን። ጎረቤት ሲፈተሽ ሰማሁ፤ ከእንጨት ጋር ተሸክሜ ወጣሁና ቀሃ ወንዝ ውስጥ ጣልኩት። እንዳትቆጣኝ። ደክሞኛል።»

ምን ብዬ እቆጣለሁ? ያ ብረት አሁን ከቀሃ ጭቃ ሥር ነው። ስልኬ ላይ ያለው ፎቶ ደግሞ ለቢሮ ምን ይሆናል? የማንም ብረት ነው ይሉኛል። ጭረቱን ማንበብ የሚችል ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

በሬን አታንኳኳ ቢሉኝም ሄድኩ። ጥጋቸው ላይ ናቸው። በጣም ከስተዋል፤ ሞረዱን በሁለት እጃቸው ነው የያዙት።

«ሽጉጡ ጠፋ» አልኳቸው። «ወንዝ ውስጥ ጣለችው።»

ሞረዱን አስቀመጡ። «ደህና አደረገች» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲህ ብረቱ ሄደ። ውሸታሙ ቀረ።»

እኔን ማለታቸው ነው ብዬ ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከቢሮው ተጠራሁ። የቀድሞው ሰውዬ አልነበሩም፤ አንዲት ወጣት ናት የተቀበለችኝ። የኛው ልጅ ናት፣ እዚሁ የተወለደች፤ አማርኛዋ የተሰባበረ ነው።

«አዶን አዳነ» አለችኝ፤ አቶ ማለቷ ነው። «አንድ አባባ መጡ። ለባድ፣ ብቻቸውን፣ በአውቶቡስ። ኤዱት ሰጡ፣ ምስክር። ላንብብልህ?»

ቃላቸውን በአማርኛ ነበር የጻፉላቸው። ቀስ እያለች አነበበችው። «ሙሉ የገረመው የልጅ ልጅ ናት። ገረመው ቤተ እስራኤል ነበር። ቀጥቃጭ ነበር። በአባቴ ምድጃ ሲሠራ ወናፍ ነፍቼለታለሁ፤ የእጁን ሥራ አይቼ አውቀዋለሁ። ለመሬት ብሎ ተጠመቀ። እኔ አልማርኩትም። ልጅቱ ግን የሱ ዘር ናት፤ የኛ ናት። ወንድሟ አዳነ የጻፈው ውሸት ነው፤ አትመኑት። እሱ ሥራው መዋሸት ነው።»

ልጅቷ አፈረች። «ስሊሓ» አለች፤ ይቅርታ። «እንዲህ ነው ያሉት። ለውጡልኝ ብላቸው እንቢ አሉ።»

ጆሮዬ ጋለ። አንድ ሽማግሌ፣ በዚያ አቅማቸው ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ እኅቴን ሊያድኑ ሄደው እኔን በመንግሥት ወረቀት ላይ ውሸታም አሰኝተው ተመለሱ። ሁለቱንም ባንድ እስትንፋስ።

«አሁን አንተ ታጽሂር መስጠት አለብህ፣ የመሐላ ቃል» አለች። «የፊቱን ሰርዘህ፣ ትክክሉን ጽፈህ ፈርም። ከዚያ ፋይሉ ይሄዳል። ካልፈረምክ ሁለት ታሪክ ይሆናል፤ ይቆማል።»

እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። በእጄ ነው የሰጠችኝ። ጻፍኩ፤ የእናቴ አባት ገረመው ቀጥቃጭ ነበር፤ የፊተኛው ቃሌ ውሸት ነው። ላቤ ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ በክንዴ እያበስኩ ነው የጻፍኩት። አነበበችውና ቅንድቧን ሰበሰበች።

«ማ ዜ ቀጥቃጭ? ምንድን ነው?»

አየኋት። አላሾፈችም። ቃሉን በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም።

«ብረት የሚሠራ» አልኳት።

«አ፣ ናፓሕ!» ብላ በዕብራይስጥ ከጎኑ ጻፈችው። «ያፌ። ጥሩ ሥራ ነው።» ማኅተሙን መታችና ወደ ሌላው ገጽ አለፈች።

ሃምሳ ዓመት የተሸከምኩት ነገር ለዚያች ልጅ አንድ መስመር ነበር። ውጭ ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆሜ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አላውቅም። እንባዬ ሲደርቅ ንዴቴ መጣ። ቀጥታ ወደ ቁልፉ ሱቅ ሄድኩ፤ ተዘግቷል። በማግሥቱም ተዘግቷል። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄጄ ልናገራቸው ወጣሁ። ያየሁት ያንን ጥቁር መስመር ያለው ወረቀት ነው።

ለቅሶ ቤት ገባሁ። ሳልገባ ብመለስ ከዚያ በላይ የሚያስቀይም ነገር አልነበረም። ልጆቻቸው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ባለሱቁ ጥግ ላይ ነበር፤ ሲያየኝ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ካንተ ጋር የተጣሉ ቀን እኮ ሥራ አልሠሩም» አለኝ በዕብራይስጥ፣ ቀስ ብሎ። «የዚያችን ሽጉጥ ፎቶ ስንፈልግ ከስልክህ ወደ ኮምፒውተሬ አስገብቼው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ክፈትልኝ ይሉኛል። ያዩታል፤ ይራገማሉ፤ ዝጋው ይሉኛል። እርግማኑ ምን እንደሆነ አላውቅም። ሲሉት ግን ፊታቸው የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም።»

አልወደድኳቸውም። ዛሬም አልወዳቸውም። ውሸታሙ ቀረ ያሉት ግን ሰውን ሁሉ፣ ራሳቸውንም ጨምሮ፣ መሆኑ የገባኝ እዚያ ወለል ላይ ተቀምጬ ነው። በብረት ብቻ የሚያምኑ ሰው ብረቱ ሲጠፋባቸው በገዛ አፋቸው ምስክር ሊሆኑ ሄዱ። ይህን ለኔ አላደረጉትም። ለገረመው ይሁን ለአባታቸው እንጃ።

ሙሉ ከወራት በኋላ መጣች። ከሻንጣዋ የእናታችን ሻሽ ብቻ ነው የወጣው፤ ከሽጉጡ የቀረ የዝገት እድፍ አለበት። አብራኝ ሽኩና ጊሜል ገባች፤ ቁልፍ ያስፈልጋታል። ወደ ሃዒር ሃዓቲቃ ይዣት ሄድኩ። ባለሱቁ በማሽኑ ቀረጸላት። ጥጉ ላይ ያለችው ዱካ ባዶ ናት፤ ሞረዱ ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ልጠቀምበት?» አልኩት። በእጁ አመለከተኝ።

በሕይወቴ ሞረድ ይዤ አላውቅም። ቁልፉን አስደግፌ ሦስት ጊዜ ጎተትኩ። ሁለቱ ጠመሙ። ሦስተኛው ዘመም ማለት ሲገባው ቀጥ አለ። አባባ ይርጋ ቢያዩት «ይኼ ጭረት ነው?» ይሉኝ ነበር፤ ትክክልም ናቸው።

ቁልፉን ለሙሉ በእጇ ሰጠኋት። ብርሃን ላይ አገላብጣ አየችው።

«አዲሱን ቁልፍ ለምን ጫርከው?» አለችኝ።

«የአያታችን የገረመው ምልክት ነው» አልኳት። «ቀጥቃጭ ነበር።»